ቀደም ያለ በረራ ስጠይቅ፦ ከዴንቨር ዋሽንግተን

እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ እህቴ ቤት፣ የክርስትናው ድፎ ዳቦ ሊቆረስ ሲል ስልኬ ጠራ። የእህቴ ልጅ 80 ቀኗ ነበር። ዋሽንግተን አጠገብ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ ኮሎራዶ ድረስ የመጣሁት ለእሷ ነው። የደወሉልኝ ከዕድራችን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ሰላምታውን ሳያስረዝሙ «ብቻሽን ነሽ?» አሉኝ። ውጭ አገር የኖረ ሰው ከዚህ ጥያቄ በኋላ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ስልኩን ይዤ ወደ በረንዳው ወጣሁ።

የአብሮ አደጌ እናት ደሴ ዐርፈዋል። ቅዳሜ ዐርፈው እሁድ ተቀብረዋል። ልጃቸው እንደኔው ሲልቨር ስፕሪንግ ናት፤ አልሰማችም። ጋሼና ሌሎቹ ተመካክረው ሰኞ ንጋት ላይ፣ ለሥራ ሳትወጣ ሊያረዷት ወስነዋል። እሷ በፈረንጆቹ ሰዓት 5፡30 ላይ ከቤት ትወጣለች፤ ስለዚህ 4፡45 ላይ የንስሐ አባቷን ይዘው በሯ ላይ መገኘት አለባቸው። አንድ ቀን እንዳይገፉት ፌስቡክ አለ። ከዘመድ አንዱ የእናቷን ፎቶ «ነፍስ ይማር» ብሎ ቢለጥፈው ሥራ ቦታዋ፣ በእረፍት ሰዓቷ፣ ብቻዋን ቆማ ስልኳ ላይ ታየዋለች። ከመካከላችን እንደዚያ የሰማ ሰው አለ፤ ዛሬም ድረስ አልወጣለትም።

«አንቺ መኖር አለብሽ» አሉኝ ጋሼ። ልክ ናቸው። ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው። እናቷ ለእሷ ሹሩባ ሲሠሩ እኔንም ጎትተው ጉልበታቸው ሥር ያስቀምጡኝ ነበር። በዚያች ንጋት እኔ ሳልኖር ሌላ ሰው ቢነግራት ከራሴ ጋር የምታረቅ አይመስለኝም።

የኔ ትኬት ግን እሁድ ሌሊት 11፡50 ከዴንቨር ተነስቶ ሰኞ ንጋት 5፡10 ዋሽንግተን፣ ደለስ ኤርፖርት የሚያርፍ ነበር። ሰዓቶቹን ሁሉ ትኬቱ ላይ እንዳለው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በሐበሻ ሰዓት ብጽፈው የሚሳሳት ሰው ይኖራል ብዬ ነው። ዴንቨር ከዋሽንግተን በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ በረራው ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። ከደለስ ሲልቨር ስፕሪንግ መንገዱ ባዶ ሆኖ እንኳ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። በምንም ስሌት አልደርስም።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ አየር መንገዱ «የዚያኑ ቀን በረራ መቀየር» በሚለው አገልግሎቱ ላይ ያለኝ አስተያየት ነው። ከትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች አንዱ ነው፤ ስሙን አልጠራም። የምናገረውም ስለ አሜሪካ የአገር ውስጥ በረራ ብቻ ነው። አዲስ አበባ የሚሄድ ትኬት ሌላ ጉዳይ ነው፣ ከዚህ ጋር አታምታቱት።

መጀመሪያ የስልኩን አፕ ከፈትኩ። «በረራ ቀይር» የሚል ቁልፍ አለው፣ ነካሁት። 2፡30 ከሰዓት ተነስቶ 7፡50 ደለስ የሚገባ በረራ አሳየኝ። ከጎኑ 389 ዶላር ጨምሪ ይላል። ደርሶ መልስ ትኬቱን በሙሉ የገዛሁት በ318 ዶላር ነው። ካርዴን አውጥቼ ቁጥሩን መጻፍ ጀምሬ ነበር። እህቴ እጄን ያዘችኝና «ቢያንስ ደውይላቸው» አለችኝ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልንገራችሁ፤ እኔም የተሳሳትኩት እዚሁ ላይ ነው። በ2020፣ በኮሮናው ጊዜ፣ ትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች ለመደበኛ የአገር ውስጥ ትኬት የመቀየሪያ ቅጣቱን አነሱ። ቀድሞ 200 ዶላር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም መቀየር ነፃ ሆነ ብለን እናወራለን። የተነሳው ቅጣቱ ነው፤ የዋጋ ልዩነቱ አልተነሳም። ልዩነቱ ደግሞ የሚሰላው እናንተ በገዛችሁበት ዋጋ ሳይሆን አዲሱ በረራ በዚያች ደቂቃ በሚሸጥበት ዋጋ ነው። ሊነሳ አራት ሰዓት እንኳ ያልቀረው የእሁድ አውሮፕላን ስንት እንደሚሸጥ አስቡት። 389 የመጣው ከዚያ ነው።

እነሱ «ሴም ዴይ ቼንጅ» የሚሉት ከዚህ የተለየ ነው። ከመነሻችሁ በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ፣ በዚያው ቀን፣ ከዚያው ከተማ ወደዚያው ከተማ ለሚሄድ ሌላ በረራ የሚሠራ ነው። የዋጋ ልዩነት አይታሰብበትም። ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የተረጋገጠ ወንበር («ኮንፈርምድ») ነው፦ በናንተ የትኬት ደረጃ ክፍት ቦታ ካለ ቁርጥ ያለ ክፍያ ትከፍላላችሁ፣ ወንበሩ ወዲያው የናንተ ይሆናል። ሁለተኛው ስታንድባይ ነው፦ ስማችሁ ይመዘገባል፣ የቀረ ሰው ካለ በሩ ሊዘጋ ሲል ይጠሯችኋል። ስታንድባዩ በዚህ አየር መንገድ ነፃ ነው።

ይህን ሁሉ ያን ጠዋት አላውቅም። አፑም አልነገረኝም። ነገሩ ካለፈ በኋላ ማክሰኞ ማታ ቁጭ ብዬ ስፈልገው አገኘሁት፤ «በረራ ቀይር» ከሚለው ውስጥ የለም። የመሳፈሪያ ወረቀቱ የሚታይበት ገጽ መጨረሻ ላይ፣ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ተቀምጧል። አንድ ሰው የዚያኑ ቀን በረራውን ለመቀየር «ቀይር» የሚለውን ነክቶ 389 ዶላሩ ብቻ የሚታየው ከሆነ፣ ነፃው መንገድ ሌላ ገጽ ሥር ተሸሽጎ ከተቀመጠ፣ ያ አፕ ለተጓዡ ታስቦ አልተሠራም። ይህን በቀጥታ ጽፌላቸዋለሁ።

ስልክ ደወልኩ። 52 ደቂቃ ጠበቅኩ። እህቴ በዚህ መሃል ድፎውን ቆርሳ ለእንግዶቹ ታዳርሳለች፣ እኔ መኝታ ቤት በአንድ ጆሮዬ የአየር መንገዱን ሙዚቃ በሌላው የሕፃኗን ለቅሶ እሰማለሁ። የወጣችልኝ ሴት ድምጿ ለስላሳ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። መርዶ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞክራችሁ ታውቁ ይሆናል። ሰው ሞቷል፣ ግን ልጅቱ አላወቀችም፣ ሆን ብለን አልነገርናትም፣ ንጋት ላይ ተሰብስበን ሄደን እንነግራታለን። በኛ ቋንቋ አንድ ቃል የሆነው በእንግሊዝኛ አምስት ዓረፍተ ነገር ይፈጃል፤ ሰሚውም ሲጨርስ ግራ ይጋባል።

ሴትዮዋ ሟቿ ምኔ እንደሆኑ ጠየቀችኝ። የጓደኛዬ እናት አልኳት። ሐዘን ለደረሰበት ሰው የሚደረገው አስተያየት ለቅርብ ቤተሰብ ብቻ ነው አለችኝ፦ እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ የትዳር ጓደኛ። በጣም አዝናለሁ አለችኝ፣ እንደምታዝንም ይሰማል። ዝርዝራቸው ውስጥ አብሮ አደግ የለም። ከዚያ ልዩነቱ 389 ዶላር ነው፣ ልቀጥል ወይ አለችኝ። ስታንድባይ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። እኔም ስሙን ስለማላውቀው አልጠየቅኩም።

እዚህ ላይ በሴትዮዋ አልፈርድም። በየደቂቃው የተቆጣ ሰው የሚደውልላት ሠራተኛ ናት። አየር መንገዱን ግን እወቅሳለሁ። ተጓዡ «ዛሬ፣ ቀደም ያለ በረራ» ብሎ ሲደውል የመጀመሪያው መልስ ነፃው ወይም ርካሹ አማራጭ መሆን ነበረበት፤ ውድ የሆነው የመጨረሻው። ትክክለኛውን ስም የሚያውቅ ብቻ የሚያገኘው አገልግሎት፣ ቋንቋው ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ ሰዎችን ሁሉ ያስቀራል።

አላውቅም ብዬ ዘጋሁት። ያን ጊዜ አንድ ነገር ወሰንኩ፦ ኤርፖርት ሄጄ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ።

ትልቁን ሻንጣ እህቴ ጋ ተውኩት። ይህ ያን ቀን ካደረግኩት ሁሉ የጠቀመኝ ነው። ሻንጣ አስረክባችሁ ቢሆን ኖሮ ከአንድ በረራ ወደ ሌላ መዝለል ሻንጣውንም ይዞ መዝለል ነው፤ ማስረከቢያውም አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው 45 ደቂቃ በፊት ይዘጋል። የእጅ ቦርሳ ብቻ የያዘ ሰው በመጨረሻዋ ደቂቃ ስሙ ቢጠራ ተነስቶ ይገባል። እህቴ ከአገር ቤት የመጣላትን በርበሬ በእጅ ቦርሳዬ ልትጨምርልኝ ነበር፣ አስቀረኋት። ከ12 አውንስ በላይ የሆነ ዱቄት ፍተሻ ላይ ለብቻው ሊከፈት ይችላል፤ የሚባክን ደቂቃ አልነበረኝም። አንድ ቁራሽ ድፎ ብቻ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

የዴንቨርን ኤርፖርት ያየ ያውቀዋል። ጣሪያው ነጭ ጨርቅ ነው፣ ጫፍ ጫፉ ወደ ላይ የሾለ፤ የሮኪ ተራሮችን በረዶ እንዲመስል ብለው ነው የሠሩት ይባላል። ስመጣ አርብ ዕለት አይቼው ውብ ነው ብዬ ነበር። እሁድ በዚያው መንገድ ስንመለስ ከሜዳው መሃል ብቅ ሲል ግን የታየኝ ድንኳን ነው። ተደርድሮ የተተከለ የለቅሶ ድንኳን። ደሴ እነሱ ግቢ የተጣለው፣ ሰፈሩ ተሰብስቦ ንፍሮ የሚበላበት፣ ልጃቸው የሌለችበት ድንኳን። መኪና ውስጥ ያለቀስኩት ያኔ ነው። እህቴ ዝም ብላ ነዳች።

12፡20 ገባሁ። ቲኬት ቆራጮቹ ጋ ያለው ሰልፍ ረጅም ነበር። ሰልፉ ላይ ቆሜ ዓይኔን ስጠርግ ባዶ ዊልቸር እየገፋች የምታልፍ ሴት ቆመች። ነጠላዬን አልፈታሁም ነበርና ከሩቅ አውቃኛለች። «እህቴ፣ ደህና ነሽ? ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ በአማርኛ። ባጭሩ ነገርኳት፤ መርዶ ብላት በቂ ነበር። የሌሊቱን በረራዬንና የተጠየቅኩትን 389 ዶላርም ጨመርኩላት። «ነፍስ ይማር» ካለች በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የነገረችኝን እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ ለሌላውም ይጠቅማል፦

«389 ዶላር እንዳትከፍዪ። ታሪኩንም አትንገሪያቸው፣ ልባቸው ቢራራ እንኳ ኮምፒውተሩ አይራራም። ሴም ዴይ ኮንፈርምድ አለ ወይ በያት። የለም ካለችሽ ስታንድባይ አስገቢኝ በያት። ደለስ ባይሆን ሬገንም ይሆነኛል በይ። የሌሊቱን ወንበርሽን እንደማይወስዱብሽ አረጋግጪ።»

በስድስት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ሬገን ያለችው ሌላው የዋሽንግተን ኤርፖርት ነው። አየር መንገዱ በአፕም በስልክም ያልነገረኝን ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር የምትገፋ ወገኔ ነገረችኝ። ስሟን ብጠይቃት «ሂጂ፣ ተራሽ እንዳያልፍ» ብላኝ ሄደች። ይህን ካነበበች እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ስለ ይሉኝታ አንድ ነገር ልበል። እኛ ሰዎች ትኬት ከቆረጥን በኋላ ሌላ መጠየቅ የምናስቸግር ይመስለናል። በዚህ አገር 19 ዓመት ስኖር አንድም ቀን ቀደም ያለ በረራ ጠይቄ አላውቅም። ኤርፖርት አራት ሰዓት ቀድሜ ደርሼ፣ ወደ ከተማዬ የሚሄድ አውሮፕላን ከፊቴ ሲነሳ እያየሁ ተቀምጬ አውቃለሁ። የግድ ሲሆንብን ደግሞ መጠየቃችን ቀርቶ ልመና እናደርገዋለን፤ ሐዘናችንን፣ ሕመማችንን ዘርዝረን እንዲራሩልን እንጠብቃለን። ስጠይቅ ያገኘሁት ግን ምሕረት አይደለም። ትኬቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ያለ አገልግሎት ነው።

ቲኬት ቆራጯ ፊት ስደርስ ሴትዮዋ ያለችኝን ቃል በቃል አልኩ። ወጣት ልጅ ናት፣ ፈጣን። መጀመሪያ ያየችው የትኬቱን ዓይነት ነው። «ቤዚክ ኢኮኖሚ አይደለም፣ ጥሩ» አለች። ትኬቱን ስገዛ በ45 ዶላር የሚያንስ ቤዚክ ነበር፤ ወንበር መምረጥ ስለማይቻልበት ተውኩት። በዚህ አየር መንገድ ቤዚክ የገዛ ሰው የዚያኑ ቀን መቀየር አይችልም ነበር። 45 ዶላሩ ያን ቀን ዋጋውን መለሰ።

የተረጋገጠ ወንበር 75 ዶላር ነው፣ ግን ዛሬ በአንዱም በረራ የለም አለችኝ። ለ2፡30ው ስታንድባይ አስገባችኝ፣ በነፃ። ሬገን የሚሄድ 5፡05 የሚነሳ፣ 10፡20 የሚገባ ሌላም አለ፤ ግን በአንድ ጊዜ በአንድ ዝርዝር ላይ ብቻ ነው መመዝገብ የሚቻለው። የመጀመሪያው ካልሆነ ጌቱ ላይ ያሉት ወደሚቀጥለው ያዛውሩሻል አለችኝ። የሌሊቱ ወንበሬስ አልኳት። «ያ የራስሽ ነው፤ ሌላ አውሮፕላን ላይ ወንበር እስካልተሰጠሽ ድረስ ማንም አይነካውም» አለች። ልቤ ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ስታንድባይ ብጠይቅ ያለኝን አጣለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው ካለ፣ አታጡም። ብቻ ጠይቃችሁ አረጋግጡ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀብንም። ለእሷ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ።

ጌቱ ላይ ስክሪን አለ። የስታንድባይ ስሞች ይታዩበታል፦ የቤተሰብ ስም የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት፣ ከዚያ የራስ ስም አንድ ፊደል። 11 ሰው ነበር፣ እኔ አራተኛ። ደስ አለኝ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ቀና ስል ሰባተኛ ሆኛለሁ። ሰልፍ መስሎኝ ነበር፣ ቀድሞ የመጣ የሚቀድምበት። አይደለም። ብዙ የሚበርሩ ደንበኞች፣ ውድ ትኬት የገዙ ሰዎች ዘግይተው ቢመጡም ከላይ ይገባሉ፤ ሌላው በተመዘገበበት ሰዓት ይደረደራል። ስለዚህ ቁጥራችሁን አይታችሁ አትፍረዱ፣ በሩ ሊዘጋ እስኪል ድረስ ይለዋወጣል።

ሌላም ያታለለኝ ነገር አለ። አፑ ላይ የ2፡30ውን አውሮፕላን የወንበር ካርታ ከፍቼ ዘጠኝ ባዶ ወንበር ቆጠርኩ። ዘጠኝ ወንበር፣ ሰባተኛ ነኝ፣ እገባለሁ ብዬ ለጋሼ ደወልኩላቸው። ባዶ የመሰሉት ወንበር ሳይመርጡ ትኬት የገዙ ሰዎች ናቸው፤ ጌቱ ላይ ነው የሚደለደሉት። አውሮፕላኑ ሙሉ ነበር። ሦስት ስታንድባይ ገቡ፣ በሩ ተዘጋ። ለጋሼ መልሼ ስደውል ድምፃቸው ተለወጠ፤ «እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል» አሉኝ። ተስፋ የምሰጣቸው ነገር ሳልይዝ መደወል አልነበረብኝም።

እዚያ ጌት ላይ የነበረው ልጅ «ሲስተሙ ራሱ ወደሚቀጥለው በረራ ያዛውርሻል» ብሎኝ ሄደ። የባሰው ስህተት ይህ ነው። 3፡50 ላይ ለማረጋገጥ ብዬ ወደ 5፡05ቱ ጌት ሄድኩ፤ ስክሪኑ ላይ የለሁም። ሲስተሙ ያዛወረኝ ወደሚቀጥለው የደለስ በረራ ነው፤ ይህም የራሴው የ11፡50 በረራ ነው። ለኮምፒውተሩ ሬገን ሌላ ቦታ ነው። የሰውየውን ቃል አምኜ ቡና ይዤ ብቀመጥ ኖሮ እዚያው እቀር ነበር። ለዚህ ነው ሁለት ነጥብ የምቀንሰው፦ አንዱን ለአፑና ለስልኩ፣ ሌላውን ለዚህ። አየር መንገዱ በአንድ ከተማ ሁለት ኤርፖርት መቀያየር ከፈቀደ ስርዓቱም ሊያውቀው ይገባል።

የ5፡05ቱ ጌት ላይ ያሉት ጠና ያሉ ሰው ነበሩ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ያደረጉ። «ለደለስ ስታንድባይ ነበርኩ፣ ሬገን ይሆነኛል፣ የእጅ ቦርሳ ብቻ ነው የያዝኩት» አልኳቸው። ያንን ብቻ። መዘገቡኝና ስድስተኛ ነሽ አሉኝ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው የነገሩኝ አንድ ነገር አለ፦ ከካሊፎርኒያ የሚመጣ አውሮፕላን ዘግይቷል፣ ከዚያ ወርደው እዚህ መሳፈር ያለባቸው ሰዎች ላይደርሱ ይችላሉ፣ «ከዚህ አትራቂ» አሉኝ። ሽንት ቤት እንኳ አልሄድኩም። ድፎውን ፈትቼ ቆረስኩ፣ ግን አልወረደልኝም።

ተሳፋሪው ገብቶ አለቀ። 4፡44 ሆነ። በሩ ከመነሻው 15 ደቂቃ በፊት ይዘጋል። በማይክ ስም መጥራት ጀመሩ። የመጀመሪያው ሰው ገባ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ከዚያ በገብረ የሚጀምር ስም ጠሩ፣ እንደ ፈረንጅ አፍ ተሰባብሮ። ሁለት ጊዜ ተጠራ። ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። እኔ በዚያ ስም ተጠርቼ አላውቅም፤ የአባቴ ስም ነው። አባቴ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፣ ጌት ላይ በማይክ ሲጠራ እኔን ብለው መሆኑ ቶሎ አልመጣልኝም። በሦስተኛው ነው ብድግ ብዬ የሮጥኩት። እባካችሁ ስታንድባይ የያዛችሁ የሐበሻ ልጆች፣ የሚጠራው የአባታችሁ ወይም የአያታችሁ ስም ነውና ጆሯችሁን ለዚያ አቅኑ። ሰውየው ወረቀቱን ሰጡኝ፤ 31ኛ ረድፍ፣ መካከል። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።

የከፈልኩት ገንዘብ ዜሮ ነው። 389 ሊሆን ይችል የነበረው። መኪናዬ ደለስ ስለቆመች ለተጨማሪ ቀን የማቆሚያ ከፍያለሁ፣ ማክሰኞም አንድ ሰው ወስዶኝ ነው ያመጣኋት፤ ኤርፖርት ስትቀይሩ ይህንን አስቡበት።

በአጠቃላይ ከአምስት ሦስት እሰጣቸዋለሁ። አገልግሎቱ ራሱ ጥሩ ነው፤ ሰዎቹም አንድ ለአንድ ሲገናኙአችሁ ጨዋ ናቸው። የሚጎድለው መኖሩን መናገር ነው። ከጥቅምት 2024 ወዲህ ሥራ ላይ በዋለው የአሜሪካ መንግሥት ደንብ አየር መንገዱ ራሱ የአገር ውስጥ በረራችሁን ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ቢያስቀድም ወይም ቢያዘገይ፣ አማራጩንም ካልተቀበላችሁ፣ ሳትለምኑ ገንዘባችሁን የመመለስ ግዴታ አለበት። እነሱ ሲቀይሩብን መብታችን በግልጽ ተጽፏል። እኛ መቀየር ስንፈልግም ያለን አማራጭ እንደዚያው በግልጽ ይጻፍልን ነው የምለው። የአየር ጠባይ የተበላሸ ቀን ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት አየር መንገዱ የለቀቀው ነፃ የመቀየሪያ ፈቃድ እንዳለ እዩ፤ በዚያ ቀን የዋጋ ልዩነቱንም ሊተዉላችሁ ይችላሉ።

10፡14 ላይ ሬገን አረፍን። አንዷ ጓደኛችን መኪናዋን ይዛ ውጭ ትጠብቀኝ ነበር። ሌሊቱን በዚህችው ጓደኛችን ቤት ቁጭ ብለን አነጋነው፤ በድንገት ለሚመጣው ሰው ቡናና ውሃ አዘጋጀን፣ ለሐዘንተኛዋ ሥራ ቦታ ማን እንደሚደውል ተነጋገርን። 4፡40 ላይ ከአብሮ አደጌ አፓርታማ በታች ሰባት ሆነን ቆምን። ጋሼ ኮታቸውን ቆልፈው ከፊት ሆኑ፣ ቄሱ ከጎናቸው። እኔ ከኋላ ነበርኩ።

ጋሼ አንኳኩ። የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን እያሰረች ከፈተችው። ዓይኗ ጋሼን አየ፣ ቄሱን አየ፣ ከዚያ እኔ ላይ ቆመ።

«አንቺ ዴንቨር አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ።